የራሳችሁን ቋንቋ ስትፈጥሩ ድምፆቹን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረች። ታሪኩ ከጦሳ ተራራ ጀርባ፣ ጉም ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ደሴን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መንገር አያስፈልግም። በነሐሴ ጠዋት ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ከፊታችሁ የሚመጣውን ሰው የምትለዩት በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተቸገረች። "አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎችማ አማርኛ ሊናገሩ አይችሉም። የራሳቸው ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል" አለችኝ። ደብተሯን አየሁት። "ዥራክስቭፕ" የሚል ቃል ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ "ኽዝግሩጭቅ" አለ። "እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት። ሞከረች። አልሆነም። "ለምን እንዲህ አደረግሽው?" ስላት "እንግዳ እንዲመስል ነዋ!" አለች።

ቋንቋ ለመፍጠር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እንግዳ ድምፅ ሲደራረብ ቋንቋ የሚወጣ ይመስለናል። ግን አንድን ቋንቋ ከሌላው የሚለየው የያዘው ብቻ ሳይሆን የተወውም ጭምር ነው። ወሎ ላደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። አምባሰልም ባቲም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ማሲንቆው ሁለት ሦስቴ ሳብ ሲደረግ የትኛው ቅኝት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የትኞቹ ድምፆች እንደተመረጡ፣ የትኞቹ እንደቀሩ ጆሯችሁ ስለለመደው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ሁለት ወር ያህል ሠራን። የሄድንበትን መንገድ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ደብተር፣ እርሳስ፣ መቀስና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃችኋል።

አንደኛ፦ ተናጋሪዎቹን እወቁ

ድምፅ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ይህን ቋንቋ ማን፣ የት ሆኖ ነው የሚናገረው?

የእኛ ሰዎች ጉም ውስጥ ናቸው። አይተያዩም። ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ይጣራሉ። ይህን ስናውቅ ግማሹ ሥራ አለቀ። ስ፣ ሽ፣ ፍ የመሳሰሉት ድምፆች ቀጫጭን ናቸው። ርቀት ሲበዛ ቶሎ ይጠፋሉ። አናባቢዎች ግን ሩቅ ይሄዳሉ። ከተራራ ወገብ ላይ እረኛ ጓደኛውን ሲጣራ አዳምጡት። የሚደርሳችሁ የስሙ መጨረሻ ላይ የተጎተተችው ድምፅ ናት። የጉም ሰዎች ቋንቋም ከዚች ድምፅ እንዲነሳ ተስማማን።

የእናንተ ሰዎች በረሃ ሊኖሩ ይችላሉ። ሌሊት ሌሊት ብቻ በሹክሹክታ የሚያወሩም ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያንሾካሹክ ሰው የድምፅ አውታሮቹ ስለማይነዝሩ "ዝ" እና "ስ" ይምታቱበታል። እንግዲያው ለእሱ አንዱ ይበቃዋል። ምክንያቱን ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ይመጣል።

ሰዎችን ለማግባባት የተፈጠረ ቋንቋም ቢሆን ከፈጣሪው አካባቢ አይርቅም። ዛሜንሆፍ ኤስፔራንቶን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ነው። ያደገው ፖላንድኛ፣ ሩስኛ፣ ይዲሽና ጀርመንኛ በሚሰማበት ቢያሊስቶክ በሚባል ከተማ ነበር። ኤስፔራንቶ ውስጥ ያሉት ች፣ ሽ፣ ዥ፣ ጅ እና ኽ የዚያ ሰፈር ድምፆች ናቸው። እኛም ጆሯችንን ለመክፈት አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄድን። እዚያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ጊዜ ይሰማል። አፋርኛ ጥ እና ቅ የሉትም፤ ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጡት ሐ እና ዐ ግን በሕይወት አሉለት። እኛ ፊደላቸውን ይዘን ድምፃቸውን ረስተናል። ኦሮምኛ ደግሞ አናባቢን በማስረዘም ትርጉም ይለውጣል። "ቦና" በአጭሩ በጋ ነው። "ቦኦና" ብላችሁ ስታስረዝሙት ኩራት ይሆናል። ግመል ተራ አጠገብ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት ብዙ ያስተምራል።

ሁለተኛ፦ የገዛ አፋችሁን መርምሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው።

መዳፋችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። "ስስስስ" በሉ። ምንም የለም። አሁን "ዝዝዝዝ" በሉ። ጉሮሯችሁ ይነዝራል። ምላሳችሁ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያ ንዝረት ብቻ ነው። እንዲህ ያሉትን ድምፆች የቋንቋ ሰዎች ነዛሪ ይሏቸዋል።

ቀጥሎ "ምምምም" እያላችሁ አፍንጫችሁን ያዙ። ወዲያው ይቆማል። አየሩ የሚወጣው በአፍንጫ ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ የእህቴን ልጅ ያስደነቃት ነው። ትንፋሻችሁን ያዙ። ልክ ውሃ ውስጥ እንደገባችሁ ዓይነት። እንደያዛችሁ "ጥ ጥ ጥ፣ ቅ ቅ ቅ" በሉ። ጥርት ብሎ ይወጣል። አሁንም ትንፋሻችሁን ሳትለቁ "ስስስ" ወይም "ምምም" ለማለት ሞክሩ። አይወጣም። ጥ እና ቅ ከሳንባ የሚመጣ አየር አያስፈልጋቸውም። ጉሮሮ ከታች ይዘጋል፤ ምላስ ከላይ ይዘጋል። መሃል የቀረችው ትንሽ አየር ትጨመቅና ስትለቀቅ ትፈነዳለች። ስማቸውም ፈንጂ ነው።

አሁን ድምፆቻችንን አሰልፏቸው። ድ፣ ት፣ ጥ። ግ፣ ክ፣ ቅ። ጅ፣ ች፣ ጭ። ዝ፣ ስ፣ ጽ። ብ፣ ፕ፣ ጵ። በየረድፉ አፋችሁ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። አንዱ ይነዝራል፣ አንዱ አይነዝርም፣ አንዱ ይፈነዳል። ለልጅቷ ይህን ስጽፍላት ደብተሩን ነጥቃኝ ደጋግማ አነበበችው። "ፊደል ስንማር ለምን እንዲህ አላሳዩንም?" አለች። እኔም ይቆጨኛል።

ፈንጂዎቹ በዓለም ላይ ያን ያህል የተለመዱ አይደሉም። ፖል ፍሮመር የሚባለው የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ለታየ ፊልም ናቪ የተባለውን ቋንቋ ሲፈጥር እንግዳነቱን ያመጣለት በጵ፣ በጥ እና በቅ ነው። ብ፣ ድ እና ግን ደግሞ ጨርሶ አወጣቸው። ብዙ ፈረንጅ እነዚያን ድምፆች ለማውጣት ይለማመዳል። የሰኞ ገበያ ልጅ ግን ጥርስ ሳያበቅል ይላቸዋል። አፋችን ውስጥ ያለውን ሀብት እንወቀው።

ሰፈራችሁ ውስጥ አስተማሪም አታጡም። ቁርኣን በደንብ የቀራ ሰው መኽረጅን ያውቃል። እያንዳንዱ ሐርፍ ከየት እንደሚወጣ፣ ምላስ የት እንደሚያርፍ በዝርዝር ይነግራችኋል። የቆሎ ተማሪ ደግሞ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ጆሮው የሰላ ነው። ሁለቱንም ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ብዙ ተጠቅመናል።

ሦስተኛ፦ ቀንሱ

አሁን የአማርኛን ተነባቢዎች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፉና እርሳሱን አንሱ። ሥራው መሰረዝ ነው።

ስንት ይቅር? በዓለም ቋንቋዎች መካከለኛው ቁጥር ወደ 22 ተነባቢ ነው። የሃዋይ ቋንቋ ግን በ8 ተነባቢና በ5 አናባቢ ኖሯል። ሶንያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ2001 የፈጠረችው ቶኪ ፖና 9 ተነባቢና 5 አናባቢ ብቻ ነው ያለው። ጥቂት ድምፅ ይዞ መኖር ይቻላል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከ10 እስከ 18 ተነባቢ እመክራለሁ።

ስትሰርዙ አንድ በአንድ ሳይሆን በቤተሰብ ሰርዙ። ቋንቋ ብ እና ግን ይዞ ድን ብቻ አይጥልም፤ ከጣለም የሆነ ታሪክ አለው። ማርክ ኦክራንድ የሚባለው የቋንቋ ምሁር ክሊንጎን የተባለውን የፊልም ቋንቋ ሲሠራ ሆን ብሎ ይህን ሰልፍ አፍርሷል። ምድራዊ እንዳይመስል ፈልጎ ነው። እናንተም ማፍረስ ትችላላችሁ፤ ግን አውቃችሁ አፍርሱ።

የእኛ ስረዛ እንዲህ ሄደ። ስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ዥ፣ ፍ፣ ጽ፣ ች፣ ጅ፣ ጭ በሙሉ ወጡ፤ ጉም ውስጥ አይሰሙም። ህም ወጣ። ት እና ክም ወጡ። ከሩቅ ከጥ እና ከቅ ጋር ይምታታሉ፤ ፈንጂዎቹ ደግሞ ጠንከር ብለው ይሰማሉ። ፕ እና ጵ አብረው ሄዱ። ኝንም ተውነው። ር ላይ ተከራከርን። እሷ "ል ካለ ር ምን ያደርጋል?" አለች። ተሸነፍኩ።

የቀሩት አሥር ናቸው፦ ም፣ ን፣ ል፣ ው፣ ይ፣ ብ፣ ድ፣ ግ፣ ጥ፣ ቅ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ገና ቃል ሳይኖረው አንድ ጠባይ አለው።

አራተኛ፦ አናባቢ

የአማርኛን ሰባት አናባቢዎች እንዳሉ አትውሰዱ። በተለይ ኧ እና እን። የአማርኛ ቅመም እነሱ ናቸው። "ደብተር"ን "ዳቢታሪ" ብላችሁ አንብቡት። ተነባቢዎቹ አንድም አልተነኩም፤ ቃሉ ግን አገር ቀይሯል።

እኛ ሦስት ብቻ ያዝን፦ ኣ፣ ኢ፣ ኡ። እነዚህ የአፍ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ለኣ አፍ በሰፊው ይከፈታል። ለኢ ምላስ ወደ ፊት ይወጣል። ለኡ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከንፈርም ይሞጨሞጫል። ስለሚራራቁ ከሩቅም አይምታቱም። ዓረብኛም ሦስት መሠረታዊ አናባቢ ነው ያለው፤ ፈትሐ፣ ከስራ፣ ደማ ብሎ የቀራ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ለጽሑፉም ቀለለን። ከፊደል ገበታው ካዕብ፣ ሣልስና ራብዕ ብቻ ቀሩ። አሥር ተነባቢ በሦስት አናባቢ፣ 30 ፊደል።

አምስተኛ፦ ድምፆቹ የሚሰለፉበትን ቅርጽ ወስኑ

ብዙ ሰው ድምፅ መርጦ ያቆማል። "ዥራክስቭፕ"ን ያበላሸው ግን የድምፅ ምርጫ አይደለም። አሰላለፉ ነው።

እያንዳንዱ ቋንቋ ተነባቢና አናባቢ የሚቀመጡበት ደንብ አለው። አማርኛ በቃል መጨረሻ ሁለት ተነባቢ ይችላል፤ ልብስ፣ ብርድ፣ ድምፅ። መጀመሪያ ላይ ግን አይወድም። ስለዚህ ነው "ስፖርት"ን "እስፖርት" የምንለው። ማንም አላስተማረንም። ምላሳችን ውስጥ ያለ ደንብ ነው።

ለጉም ሰዎች ያወጣነው ደንብ አጭር ነው። እያንዳንዱ ቀለም፣ ማለትም ቃል ሲቆራረጥ የሚወጣው ክፍል፣ በተነባቢ ይጀምራል፣ በአናባቢ ያልቃል። ከፈለገ መጨረሻው ላይ ን ይጨምራል። ሌላ ምንም አይፈቀድም። ማ፣ ሊ፣ ጡን፣ ቃን፤ በቃ።

"በዚህ ስንት ቃል ይወጣል?" ብላችሁ አትስጉ። ሒሳቡን ሥሩት። 30 ክፍት ቀለም አለን። በን የሚዘጉት ሲጨመሩ 60 ይሆናሉ። ሁለት ቀለም ያላቸው ቃሎች ብቻ 60 በ60፣ ማለትም 3,600 ናቸው። ቶኪ ፖና በ120 ገደማ ቃል ነው የተነሳው።

ደንቡ መሥራቱን የምታዩበት ጥሩ ዘዴ የውጭ ቃል ማስገባት ነው። የሃዋይ ሰዎች "ክሪስማስ"ን "ካሊኪማካ" ይሉታል። ስ የላቸውም፣ ር የላቸውም፣ ሁለት ተነባቢ አያገናኙም። እኛም የሰፈራችንን ስሞች አስገባናቸው። ስ እና ች በጥ ይተኩ፣ ር በል፣ ክ በቅ፣ ኦ በኡ አልን። ደሴ "ዳጢ" ሆነች። ጦሳ "ጡጣ"። ቦርከና "ቡሉቃና"። ኮምቦልቻ ደግሞ "ቁምቡሉጣ"፤ ም እንዴት እንደገባች ስድስተኛው ላይ ታያላችሁ። የእህቴ ልጅ "ቡሉቃና" ስትል ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። "እኮ እንደዚህ ነው የሚያወሩት!" አለች። ቋንቋው የተወለደው ያን ማታ ይመስለኛል።

ስድስተኛ፦ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ?

ድምፅ ጎረቤቱን ይመስላል። "አንበሳ" ብለን እንጽፋለን፤ አፋችን ግን "አምበሳ" ይላል። "ወንበር" ብለን "ወምበር" እንላለን። ከንፈር ለብ መዘጋቱ ካልቀረ ቀድሞ ይዘጋል፤ ን ወደ ም ይለወጣል።

እኛም ይህን ደንብ ወሰድን። "ያሊን" ማለት ጥሪ ነው። "ባ" የምትል ቅጥያ የሰዎችን ልማድ ታመለክታለች። ሁለቱ ሲገናኙ "ያሊንባ" መሆን ነበረበት፤ አፍ ግን "ያሊምባ" ይላል። የቋንቋው ስም ይሄው ሆነ።

ሌላም የሚያምር ደንብ አማርኛ ውስጥ አለ። ወሰደ፣ ወሳጅ። ከፈተ፣ ከፋች። መረጠ፣ መራጭ። ገዛ፣ ገዥ። ወረሰ፣ ወራሽ። ለመነ፣ ለማኝ። ድ ወደ ጅ፣ ት ወደ ች፣ ጥ ወደ ጭ ሲሄድ አያችሁ? እዚያ መጨረሻ ላይ ድሮ የነበረ ኢ ነው ድምፁን ወደ ላንቃ የሳበው። ኢ ራሱ ጠፍቶ ሥራው ቀርቷል። እንዲህ ያለ አሻራ ለቋንቋችሁ ዕድሜ ይሰጠዋል።

እኛ ይህን ለዘዬ አዋልነው። የጉም ሰዎች ከፊሎቹ ወርደው ቦርከና ዳር ሰፈሩ እንበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። እታች ጉሙ ሳሳ። ሰው ይተያያል፣ ተቀራርቦ ያወራል፤ ቀጭን ድምፅ መፍራት ቀረ። ስለዚህ በቆላው ዘዬ ከኢ በፊት ያለ ጥ ሁሉ ጭ፣ ድ ሁሉ ጅ ይሆናል። ደገኛው "ዳጢ" የሚላትን ከተማ ቆለኛው "ዳጪ" ይላታል። አንድ ነገር አደራ፦ ደንብ ካወጣችሁ ቃል ሳትመርጡ ሁሉም ላይ ይሥራ። የወደዳችሁትን ቃል ከደንቡ ካወጣችሁ አንባቢ ቋንቋውን ማመን ያቆማል።

ማጥበቅንም አስቡበት። "ገና" ሲላላ "እስካሁን" ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። "ዋና" ሲላላ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ። ብዙ ቋንቋ ይህ መሣሪያ የለውም። እኛ ለብዛት ተጠቀምንበት፦ "ዊና" አንድ ሰው፣ "ዊንና" ብዙ ሰዎች። የሚጠብቁት ም፣ ን እና ል ብቻ ናቸው፤ ሲጎተቱ የሚሰሙት እነሱ ስለሆኑ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። ከፊደሉ በላይ ሁለት ነጥብ የማድረግ ልማድ አለ፤ ስልክ ላይ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ሳድሱን ደግመን እንጽፋለን።

ሰባተኛ፦ ዜማው

ይሄ አጭር ነው። ከቃሉ የትኛው ቀለም ይጎላል? ኤስፔራንቶ ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ያጎላል። እኛ የመጨረሻውን እንጎትታለን፣ እንደ እረኛው። ያሊምባኣ። አንድ ደንብ ምረጡና እሱን ይዛችሁ ቀጥሉ።

ስምንተኛ፦ ቃል አውጡ

ከጭንቅላት ብቻ ቃል ስታወጡ ያው የምትወዱት ድምፅ ይደጋገማል። እኛ ወረቀት ቆረጥን። ፊደሎቹ ግን እኩል መሆን የለባቸውም። በአማርኛ ን እና ም በየቦታው አሉ፤ ጵ ግን ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ኢትዮጵያ ብላችሁ ሳትጨርሱ ያልቅባችኋል። ስለዚህ የም፣ የን እና የል ፊደሎች አራት አራት ወረቀት አገኙ። የው፣ የይ፣ የድ እና የጥ ሁለት ሁለት። የብ፣ የግ እና የቅ አንድ አንድ። በጠቅላላው 69 ወረቀት። እናቴ ሙዳይዋን አዋሰችን። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ታወጣለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ያማረ ይቀራል፣ ያላማረ ይመለሳል።

የወጣውን ቃል በአካባቢያችሁ ቋንቋዎች አጣሩት። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ "ቡና" ነበር። "ጉማ" ወጣና ልጅቷ ለጉም ልታደርገው ደስ አላት። ግን ጉማ በእኛ አገር የደም ዋጋ ነው። ከሚሴ ወይም ባቲ ያለ አንባቢ ያን ቃል እንዲሁ አያልፈውም። በጣም የገረመኝ ደግሞ "ናማ" ነው። ከሙዳዩ አልወጣም፤ ራሷ ናት ለ"ሰው" ያወጣችው። በኦሮምኛ "ነማ" ሰው ነው! ገበያ ላይ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ለዚህ ነው "ዊና" የመጣው። ስድብና ነውር የሆነ ቃልም ሳታውቁት ሊወጣ ይችላል። ለአንድ ትልቅ ሰው ሳታነቡ አታጽድቁ። እኛ ለእናቴ አነበብንላት። ሁለቱን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። ወዲያው ሰረዝናቸው።

ዘጠነኛ፦ በስልክ ፈትኑ

የመጨረሻው ፈተና ይሄ ነው፤ ወረቀት ላይ የማይታይ ስህተት እዚህ ይወጣል። ተራው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቀጫጭኑ ይቀራል። በስልክ ስም ስናስጽፍ "በፍየል ፈ ነው፣ በሰው ሰ?" የምንባባለው ለዚህ ነው። ለእኛ ስልኩ የጉሙን ቦታ ተካልን።

20 ቃል አዘጋጁ። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ደውሉ። አንድ አንዱን ሁለት ጊዜ አንብቡለት፤ የሰማውን በፊደል ይጻፍ። ከዚያ የጻፈውን ያንብብላችሁ። እኛ ኮምቦልቻ ላለው የአክስቷ ልጅ ደወልን። መካከላችን የሐረጎ ተራራ አለ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ20ው 7 ተሳሳተ።

ስህተት ስታገኙ ፈታኙን አትቆጡት። ስህተቶቹን ደርድሯቸውና አንድ የሚያደርጋቸውን ፈልጉ። ከሰባቱ አምስቱ "ዉ" እና "ዪ" ያሉባቸው ቃሎች ነበሩ። ዉን እንደ ኡ፣ ዪን እንደ ኢ ሰምቷቸዋል። ው እና ኡ የአንድ አፍ ቅርጽ ናቸው፤ ይ እና ኢም እንደዚያው። ቶኪ ፖናም እነዚህን ሁለቱን ይከለክላል። እኛም ከለከልናቸው። 30 የነበረው 28 ሆነ፤ በን ከሚዘጉት ጋር 56። ባለሁለት ቀለም ቃሎቹ አሁን 3,136 ናቸው። አልጎደለብንም።

ሁለተኛ ዙር ከመደወላችን በፊት ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ገለበጥን። አሥሩ ተነባቢዎች፣ ሦስቱ አናባቢዎች፣ የቀለሙ ቅርጽ፣ ሁለቱ ክልክሎች፣ የንና የም ደንብ፣ ጥብቀቱ፣ የቆላው ዘዬ፣ ዜማው። እናንተም ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። ከበለጠ ገና የሚሰረዝ አለ።

በማግስቱ ማታ አዲስ 20 ቃል ይዘን ደወልን። አሁን አንዱን ብቻ ሳተ። ስልኩን ልዘጋ ስል ልጁን ለማመስገን "ያሊንባ እየገባህ ነው" አልኩት።

ከጎኔ የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። "ያሊምባ ነው አጎቴ፣ ያሊንባ አይባልም" አለችኝ።